ላሞቹ የሚተኙበት ጉብታ

ላሞቹን ለምን አባረርኋቸው? ያን ዕለት ዱላ እንዳነሳ ማንም አላስገደደኝም። "አንቺም እርጂን እንጂ" ያለኝ እንኳ አልነበረም። የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቅ ሆኖ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ መሥሪያ ቤት የኖረ ሁሉ ያየዋል። እኔ ግን ከመቆም አልፌ ዱላ አነሳሁ። የሆነውን ከነቅደም ተከተሉ አስታውሳለሁ።

ያኔ ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ነበር፤ የዲፕሎማዬ ዕድሜ ደግሞ ሁለት ዓመት። የተወለድሁት እዚያው ፎገራ፣ ከወረታ በእግር ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንደር ነው። በልጅነቴ ተዳርሁ፣ ፈታሁ፣ አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አብረውኝ የሚቀመጡት ልጆች ገና የወተት ጥርሳቸው እየተነቀለ ነበር። መምህሩ ስም ሲጠራ እኔ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ማፈሩን ለሱ ትቼ እኔ መጽሐፌ ላይ ተተከልሁ። እየተነፋቀቅሁ ቴክኒክ ኮሌጅ ደረስሁና ድራፍቲንግ፣ የሕንፃ ንድፍ ማንሣት፣ ተማርሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ክፉ በሽታ አለበት፤ በትምህርት ያገኘው ሁሉ ወርቅ፣ ሳይማር ያወቀው ሁሉ ጭቃ ይመስለዋል። እኔም ታምሜ ነበር።

የተመደብሁት ከወረታ ወጣ ብሎ በርብ ወንዝ በኩል በሚሠራ ጤና ጣቢያ ላይ ነው። ሥራዬ የሳይቱን አደረጃጀት መንደፍ ነበር። አደረጃጀት ስል ሕንፃውን ማለቴ አይደለም፤ ሕንፃው እስኪቆም ድረስ በዙሪያው የሚሰፍረውን ነገር ነው። ሲሚንቶ የት ይከማች፣ አሸዋና ጠጠር የት ይራገፍ፣ የኮንክሪቱ ብረት ፌሮው የት ይታጠፍ፣ ኮንክሪት ማቡኪያው ሚክሰር የት ይቁም፣ ሠራተኛው የት ይደር፣ በሩ በየት ይሁን። ተራ ነገር ይመስላል። ግን አሸዋው ከሚክሰሩ ሃያ እርምጃ አላግባብ ከራቀ፣ ባሬላ ይዘው የሚመላለሱት ሴቶች ያንን ሃያ እርምጃ ቀኑን ሙሉ በወገባቸው ይሸከሙታል።

ከብስኩት ካርቶን በልኩ ቆርጬ፣ ይሄ ሲሚንቶ፣ ይሄ ካምፕ፣ ይሄ ሽንት ቤት እያልሁ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀት ላይ ሳፈራርቃቸው ሰነበትሁ። የሳይቱ ዘበኛ አያ ደረሰ ከበሩ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና መጡ። የቦታው ተወላጅ ናቸው፤ ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ቀልድ የማይጠፋባቸው ሰው።

"ምን እየተጫወትሽ ነው ልጄ? ገበጣ ነው?"

"ሥራ ነው አያ ደረሰ። እያንዳንዱን ዕቃ ቦታ ቦታውን እያስያዝሁት ነው።"

"አሃ። ታዲያ ሲሚንቶሽን የት ልታሳድሪው ነው?"

"እሱን ነው የማወጣ የማወርድ።"

ሳቁ። "ለዚህ ነው ሦስት ቀን? ላሞቹ የሚተኙበትን እዪ! ክረምት ሲገባ ከብቱ ሁሉ እዚያ ጉብታ ላይ ነው የሚያድር። ያ ታች ያለው ሜዳ ደግሞ ለምን ባዶውን የቀረ ይመስልሻል? ርብ ሲሞላ መሄጃው እሱ ነው። ሩዝ እንኳ አይዘሩበትም፣ ጠርጎት ይሄዳል።"

ነገሩ ለእኔ አዲስ አልነበረም። አባቴ ጎጆውን የቀለሰው በሬዎቹ ከሚተኙበት ጎን ነው፤ በልጅነቴ ይህንን የማያውቅ የፎገራ ልጅ አልነበረም። ብቻ በመጽሐፌ ውስጥ ስለ ላም የተጻፈ ስላልነበረ ረስቼው ኖሯል። ሲሚንቶውንና የሠራተኛውን ካምፕ ጉብታው ላይ አደረግሁ፤ ርቀቱንም ስለካው ከሁሉም አማራጭ አጭር ሆነ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ያ ወረቀት ይበልጥብኝ ነበር።

በሳምንቱ ኢንጂነሩ ከአዲስ አበባ መጣ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣል፤ ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው ጫማውን ነው። ዋልካ መሬት ደግሞ ለጫማ አያዝንም። ወረቀቴን መኪናው ላይ ዘረጋው።

"ጉብታውን ለሲሚንቶ? ቀልድ ነው? ሳይቱ ውስጥ ያለው አንድ የሚታይ ቦታ እኮ ይሄ ነው።"

"ለማን የሚታይ?" አልሁት።

"ለመንገዱ ነዋ! እንግዶች ይመጣሉ። የመሠረት ድንጋዩ እዚህ ይቀመጣል፣ ድንኳኑ እዚህ፣ መኪና ማቆሚያው እዚህ።"

"መሠረቱ እኮ አምና ተቆፍሮ ኮንክሪት ተሞልቷል ኢንጂነር።"

"የመሠረት ድንጋይ አልኩሽ እንጂ መሠረት መቼ አልኩ?"

በዚያ ዘመን አገሩን የሚያውቅ ሰው ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። ድንጋዩ ከመሠረቱ ጋር ዝምድና አልነበረውም። ዝምድናው ከመጋረጃው፣ ከሪባኑና ከካሜራው ጋር ነበር።

"ሲሚንቶውና ካምፑ ወደዚያ ሜዳ ይውረዱ" አለ ኢንጂነሩ። "ይሄን የሚያህል ባዶ ቦታ ተዘርግቶ ምን አጨናነቀሽ? ፌሮውን በሁለቱ መሀል ቆልዪው። አጥሩን ዙሪያውን በቆርቆሮ ዝጊው፣ ካምፑ ከመንገድ እንዳይታይ። በሩ አንድ ይበቃል፣ በእንግዶቹ በኩል።"

አያ ደረሰ ከኋላችን ቆመው ኖሯል። ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ጌታው፣ ያ የውሃ መሄጃ ነው። ሰው አያድርበትም።"

ኢንጂነሩ ወደሳቸው አላየም፤ ወደኔ ዞረ። "አንቺ የዚህ አገር ልጅ አይደለሽ? እውነት ነው እንዴ?"

"አዎ፣ እውነት ነው" ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። እኔ ግን መነጽሩን አየሁ፣ ከኪሱ ብቅ ያለውን ወርቅማ እስክሪብቶ አየሁ፣ ከዚያ አፌ እንዲህ አለ፦

"ድሮ ነው የሚሉት። በጥናት የተደገፈ መረጃ የለም።"

በጥናት የተደገፈ መረጃ! ዛሬም ያቺን ሐረግ በስብሰባ ስሰማት ጥርሴን ያንቀጫቅጨኛል። አያ ደረሰ ትንሽ አዩኝ፣ ባርኔጣቸውን ደፉና "እሽ" ብለው ወደ በራቸው ተመለሱ። እኔ ላጲስ አወጣሁ። ጉብታው ላይ የነበረውን ሁሉ አጠፋሁ፣ ብናኙን እፍ አልሁት፣ ታች ሜዳው ላይ በንጹሕ መስመር ደግሜ ሣልሁ። ጥግ ላይ "ያዘጋጀው" ከሚለው ጎን ስሜን ጻፍሁ፣ አንጓች፣ በሚያምር ጽሕፈት።

የድንጋዩ ቀን ከግንቦት ወደ ሰኔ፣ ከሰኔ ወደ ሐምሌ ሲገፋ ቆይቶ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተቆረጠ። ካምፑ ውስጥ ደግሞ አንዲት አራስ ነበረች። ትርንጎ ትባላለች፤ ባሬላ ተሸካሚ። ባሏ ሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሄዶ አልተመለሰም፤ እሷ እስከ መጨረሻው ወር ጠጠር ስትሸከም ቆይታ እዚያው ካምፕ ውስጥ ሴት ልጅ ከተገላገለች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ የካምፑ ሴቶች በተራ ነበር የሚጠብቋት። ያን ዕለት ግን ሠራተኛው ሁሉ ለጭብጨባ ወጥቷል። "ስም እንጠራለን" ተብሏል፤ የቀረ ከሥራ ይቀራል። ብቻዋን ለምትቆይ አራስ ደግሞ በአገራችን ብረት ከራስጌዋ ይደረጋል። የትርንጎን ብረት ያስቀመጥሁት እኔ ነበርሁ፤ አሥራ ሁለት ሜትር የሚረዝም ፌሮ፣ ወገብ ድረስ ተቆልሎ፣ ከካምፑ ወደ በሩ የሚወስደውን መተላለፊያ ሞልቶ።

እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ ተብሎ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈናል። በእኛ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ርብ በሚነሣበት በጉና ተራራ በኩል ግን ጠቁሮ ሰንብቷል፣ ሁለት ቀን ሙሉ። አራት ሰዓት ሲሆን ላሞቹ መጡ።

ማንም አልነዳቸውም። ከታች ከሜዳው አንድ በአንድ፣ እንቦሳዎቻቸውን አስከትለው፣ በእንግዶቹ በር በቀጥታ ገቡና ጉብታው ላይ ወጡ። አንዷ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ቀይ ጨርቅ ከለበሰው ጠረጴዛ ፊት ቆመች። ሌላዋ የመሠረት ድንጋዩን መጋረጃ አሸተተችና ከጎኑ ተኛች። ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ።

"ክቡር እንግዳችን ደረሱ!" አለ አንድ ግንበኛ።

"ንግግር ያድርጉልን እንጂ!" አለች ሌላዋ።

ኢንጂነሩ እጁን እያወናጨፈ ይሮጣል። "አስወጧቸው! ድንኳኑን አበላሹት! ዘበኛው የት አለ?"

ዘበኛው በሩ ላይ ቆመው ወደ ጉና ያያሉ። እኔም አየሁ። ላሞቹንም አየሁ፣ ሜዳውንም አየሁ። ያኔ አወቅሁ። ጠረጠርሁ አላልሁም፣ አወቅሁ። በልጅነቴ ከብት በቀን ወደ ጉብታ ሲወጣ እናቴ ማሰሮውን ሳይቀር ቆጥ ላይ ትሰቅል ነበር።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ ዱላ አነሳሁ።

"ሂጂ! ሂጂ ወዲያ!" እላለሁ። ሆዷ ነጭ የሆነች አንዲት ላም ከነጥጃዋ አልነቃነቅ አለችኝ። ደጋግሜ መታኋት። ትወርድና በሌላ በኩል ዞራ ትመጣለች። አያ ደረሰ አጠገቤ መጡ።

"ተያት አንጓች። እሷ ድንጋይ ልትጥል አልመጣችም። ምን ብላ እንደመጣች ታውቂያለሽ።"

"እንግዳ እየመጣ ነው አያ ደረሰ።"

"የሚመጣውንማ አውቄዋለሁ" አሉና ወደ ጉና በአገጫቸው አመለከቱ። "አራሷን እናውጣት። ፌሮውን ማስነሳት አለብን። አንቺን ይሰሙሻል፣ እኔን አይሰሙኝም።"

"ፕሮግራሙ ያልቅና" አልኋቸው።

ይህን ነው ያልሁ። ላሞቹን ከአጥር አስወጥተን በሩን ዘጋንባቸው። ከዚያ ከአንድ ሰዓት በላይ ሰልፍ ላይ ቆሜ ቀሚሴ ላይ የደረቀ ጭቃ ስፍቅ ነበር።

እንግዶቹ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። በሩ ተከፈተ፣ መኪኖቹ ጉብታው ላይ ቆሙ። ዋናው እንግዳ ማይክሮፎኑን ይዘው "ይህ አካባቢ በተፈጥሮ ጸጋ የታደለ" ከሚለው ላይ ሲደርሱ፣ በስተምሥራቅ በኩል የሩዙ አረንጓዴ ቀለሙን ሲቀይር አየሁ። ውሃው ድምፅ የለውም። ሰው ጎርፍ ሲባል የሚጮህ ነገር ይመስለዋል፤ ፎገራ ላይ ግን እንደ ፈሰሰ ዘይት ነው የሚሰፋ። በእንግዶቹ በር ገባ፤ ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ሲሚንቶው፣ ከሲሚንቶው ወደ ካምፑ። የታችኛው አጥር፣ ኢንጂነሩ ዙሪያውን ዝጊው ያለኝ ቆርቆሮ፣ መውጫ ከለከለውና ግቢው እንደ ገንዳ ይሞላ ጀመር። በሩን ከላይ፣ ግድቡን ከታች የሣልሁት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የሮጡት መኪኖቹ ናቸው። የኢንጂነሩ ሁለተኛ ነበር። ማይክሮፎኑ ክፍት ሆኖ ስለቀረ አንድ ሰው "ቁልፉን! ቁልፉን የት አደረግኸው!" ሲል በድምፅ ማጉያው ሰማነው።

አያ ደረሰ ወደ ካምፑ ወረዱ። "ትርንጎ! መደቡ ላይ ውጪ! እንዳትወርጂ!" እያሉ በፌሮው ክምር ላይ መውጣት ጀመሩ። እርጥብ ፌሮ ግን ሰው አይሸከምም፤ ከሥራቸው ተንከባለለና እግራቸውን እስከ ጉልበት ያዘው። አልጮኹም። ከዚያው ሆነው "እየመጣን ነው ልጄ፣ ሕፃኗን ወደ ላይ ያዣት" ይሏታል፤ እሳቸው ራሳቸው ወገባቸው ውሃ ውስጥ ነው።

በዚያ በኩል መንገድ የለም። እኔ ግን አጥሩን አውቀዋለሁ። ከሽንት ቤቱ ኋላ ሦስት ቆርቆሮ ላይ ምስማር አልቆብን በሽቦ ብቻ አስረነዋል፤ ተቆጥቼ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። ሁለት ሴቶች አስከትዬ በሩዙ ድንበር ላይ በውጭ ዞርሁ። ሽቦውን በጣቴ ስፈታ ጥፍሬ ተነቀለ። ሦስተኛው ቆርቆሮ ሲላቀቅ ውሃው በላያችን ፈነዳ፤ አንደኛዋን ሴት ጥሏት ሄደ፣ ሩዙ ውስጥ ተነስታ ተመለሰች። ግቢው መጉደል ጀመረ።

ገባሁ። ትርንጎ በጣውላ መደቡ ላይ ቆማ፣ ሕፃኗን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አድርጋ ሳፋውን በራሷ ላይ ይዛ ነበር። ልክ እንደ ባሬላ ነው የያዘችው፤ እንዳይንጋደድ።

"ተቀበይኝ" አለች። "ከዚህ በላይ አልችልም።"

ተቀበልኋት። ሕፃኗ ተኝታ ነበር።

አያ ደረሰን ለማውጣት ስምንት ሰው ፌሮውን አንድ በአንድ አነሳ። እግራቸው ከሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ትርንጎን ድንኳኑ ውስጥ፣ ለክቡራን እንግዶች በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ቀዩን ጨርቅ አልብሰን አስተኛናት። ደረቅ ቦታ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ላሞቹም ተመልሰው መጥተው በዙሪያዋ ቆመው ነበር፤ በዚህ ጊዜ ያባረራቸው የለም። ሲሚንቶው ከነከረጢቱ ድንጋይ ሆነ። የመሠረት ድንጋይ ለሚፈልግ መሥሪያ ቤት ሌላ ዐሥር ዓመት የሚበቃው ነበር።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራን። ኢንጂነሩ "ያልተጠበቀ የተፈጥሮ አደጋ" የሚል አምስት ገጽ ይዞ መጣ። ሰብሳቢው ወደኔ ዞሩ።

"ከአካባቢው ኅብረተሰብ አስቀድሞ ስጋት ያቀረበ ሰው ነበር?"

ኢንጂነሩ እስክሪብቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አያ ደረሰ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተኝተዋል።

"አልነበረም" አልሁ።

ቃለ ጉባኤው ላይ ተጻፈ። አያ ደረሰ "የጥበቃ ሥራቸውን በአግባቡ ባለመወጣታቸው" ተሰናበቱ፤ ከብት ወደ ሳይት ማስገባታቸውም ተጨምሮበታል። እኔ እናትና ልጅ በማዳኔ የምስጋና የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። አጨበጨቡልኝ። ወረቀቱን ተቀበልሁ፣ እጅ ነሣሁ፣ ተቀመጥሁ።

አንባቢዬ፣ ኢንጂነሩ ላይ ስቀህ ከሆነ ገና አላነበብኸኝም። እሱ አላዋቂ ነበር፤ አላዋቂ ጫማውን ቢጠብቅ አይገርምም። እኔ ግን አውቅ ነበር። ያፈርሁት በውሸቴ አልነበረም፣ በእውነቴ ነበር፤ ከላም የተማርሁት እውነት ዲፕሎማዬን የሚያሳንስብኝ መስሎኝ። ዛሬ ይህንኑ የሳይት አደረጃጀት ኮሌጅ ውስጥ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በኮምፒዩተር የሚያምር ፕላን ያመጣሉ። "ቦታው ላይ ማንን ጠየቃችሁ?" እላቸዋለሁ። ማንንም ካልጠየቁ ወረቀቱን ሳላይ እመልስላቸዋለሁ፤ "ክፉ መምህር" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ለምን እንደምጠይቅ ግን አንድም ቀን አልነገርኋቸውም። የምስክር ወረቀቱም መሳቢያዬ ውስጥ በፊቱ ተደፍቶ ዓመታት ኖረ።

አያ ደረሰ ይፋግ ልጃቸው ዘንድ እንደሚኖሩ የሰማሁት ትርንጎን መንገድ ላይ አግኝቼ ነው። ሕፃኗ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። በገበያ ቀን ሄድሁ። ገመድ ከሚሸጡት መካከል አገኘኋቸው፤ አንድ እግራቸውን ዘርግተው፣ ምርኩዛቸውን ከጎን አስተኝተው።

"አንጓች! ገበጣሽን ተውሽው ወይስ ትጫወቻለሽ?"

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። የምስክር ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አኖርሁት። ማንበብ ስለማይችሉ አነበብሁላቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኋቸው፦ ላጲሱን፣ "በጥናት የተደገፈ"ን፣ ዱላውን፣ "አልነበረም" ያልሁትን። ሰው እያለፈ ገመድ ይጠይቃቸዋል፤ በእጃቸው ቆይ ይላሉ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

"ጨረስሽ?"

"ጨረስሁ።"

"ታዲያ ይህ ለኔ ምን ያደርግልኛል ልጄ? ላጲሱንም ዱላውንም አይቻለሁ። ስብሰባውን ብቻ አላየሁም፣ እሱንም እግሬ ነግሮኛል።" ወረቀቱን መለሱልኝና ገመዳቸውን አነሱ። "ያልነበረ ሰው ፈልጊና ንገሪ።"

ከይፋግ ወደ ወረታ ስመለስ ሜዳው ደርቆ ከብቱ ተበትኖበት ነበር። ቤቴ ገባሁና ሳልቀመጥ ወረቀት አወጣሁና ይህን ለእናንተ መጻፍ ጀመርሁ።

እናንተ አልነበራችሁም።